ከዝናቡ ጋር የማይደርቅ ገቢ
የገጠር ሴቶችን ለገቢ ማስገኛ ሥራ ስለ ማሠልጠን የቀረበ ንግግር



ድርቅ በአንድ አካባቢ ሲደርስ ጉዳቱ በሁሉም ላይ እኩል አያርፍም። ጎተራው ሲራቆት አባወራው የቀን ሥራ ፍለጋ ወደ ሩቅ አገር ይሄዳል። ልጆቿን ይዛ ቤቱን የምትጠብቀው፥ የቀረችውን ጥቂት እህል በቀን ቁጥር እየሰፈረች የምታበላው፥ የመጨረሻዋንም ፍየል እየነዳች ገበያ የምትወጣው ሴቲቱ ናት። ከቤተሰቡ ሁሉ በመጨረሻ የምትበላውም እርሷው ናት። ስለዚህ ድርቅን ለመቋቋም የሚደረግ ማናቸውም ጥረት የገጠሯ ሴት የራሷ ገቢ እንዲኖራት ካላደረገ በግማሽ መንገድ ላይ የሚቀር ነው።

ይህንኑ በመገንዘብ ሴቶችን የማደራጀትና የማሠልጠን ሥራ በአገራችን ከተጀመረ ብዙ ዘመን ሆኖታል። በ1972 ዓ.ም. የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበር ተቋቁሞ ሴቶችን በየቀበሌው አደራጅቶ ነበር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የአደጋ መከላከል ፖሊሲ ዕርዳታ ከልማት ሥራ ጋር እንዲተሳሰር አዘዘ። በ1997 ዓ.ም. የጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራምም የምግብ ክፍተት ያለበትን ቤተሰብ ከመደገፍ ጋር ገቢ ማስገኛ ሥራን አያይዞ ይዟል። ሆኖም ሥልጠና መሰጠቱ ብቻውን ሥራን አያቆምም። የምስክር ወረቀቱ በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፥ ሙያው ግን ከመጀመሪያው ክፉ ዓመት ጋር አብሮ የሚቀርበት ጊዜ አለ።

የዚህ ንግግር ቁም ነገርም ከዚህ የሚነሣ ነው። በድርቅ ለሚጠቃ አካባቢ ሴት የሚሰጥ ሥልጠና ሊለካ የሚገባው ሠልጣኟ ምን ያህል ሙያ ቀሰመች በማለት ሳይሆን፥ ዝናብ በጠፋበት ዓመት ሙያዋ እህል ይገዛላታል ወይ በሚለው ጥያቄ ነው።

በድርቅ ጊዜ ገበያው ምን ይሆናል?

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ ስለ ደረሰው ረኀብ የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን በ1981 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባሳተሙት መጽሐፍ ብዙዎችን ያስገረመ ነገር አስረድተዋል። በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም ነበር። ሕዝቡ ያለቀው በገበያ እህል ስለ ጠፋ ብቻ ሳይሆን የሚገዛበት አቅም ስላጣ ነው። ገበሬው ምርቱ ሲጠፋ የሚበላውንም የሚሸጠውንም በአንድ ጊዜ አጣ። አርብቶ አደሩም ከብቱ አለቀበት፤ የተረፈውም በእህል ሲለወጥ ዋጋው ወረደ።

ይህ ትምህርት ለሴቶች ሥልጠና እጅግ አስፈላጊ ነው። በደኅናው ዓመት አንዲት ፍየል ያላት ሴት ጥሪት አላት ይባላል። በክፉው ዓመት ግን የአካባቢው ሰው ሁሉ በአንድ ሰሞን ፍየሉን ወደ አንድ ገበያ ያወጣል፤ ሻጩ ይበዛል፥ ገዢው ያንሳል፥ የከሳችውም ፍየል ጥቂት ቁና እህል ብቻ ትገዛለች። እንግዲህ በአንድ ቀበሌ 30 ሴቶችን ሰብስቦ ሠላሳውንም ፍየል ማርባት ብቻ ያስተማረ ፕሮግራም ለደኅናው ዓመት እንጂ ለክፉው ዓመት አላዘጋጃቸውም። ሁሉም በአንድ ዝናብ ላይ ቆመዋልና።

ሥራዎችን በሦስት ረድፍ ስለ መመልከት

አሠልጣኙ የሙያውን ዓይነት ከመምረጡ በፊት በየአካባቢው የሚሠሩትን ሥራዎች በሦስት ረድፍ መድቦ ቢመለከታቸው ይጠቀማል።

በመጀመሪያው ረድፍ ያሉት በቀጥታ ከዝናብ የሚበሉ ሥራዎች ናቸው። በግና ፍየል ማርባት፥ መስኖ የሌለው የጓሮ አትክልት፥ ንብ ማነብ ከዚህ ይመደባሉ። ጠላ ጠምቆ መሸጥም ቢሆን እህልና ጌሾ ስለሚፈልግ እህል በተወደደ ጊዜ የሚቆም ሥራ ነው።

በሁለተኛው ረድፍ ያሉት ጥሬ ዕቃቸው ከዝናብ ጋር እምብዛም ሳይያያዝ ገዢያቸው ግን የመንደሩ ገበሬ የሆነ ሥራዎች ናቸው። ሸክላ ሥራና የመንደር ችርቻሮ ለዚህ ምሳሌ ናቸው። አፈሩና ውኃው ቢገኝም፥ ገበሬው እህል ለመግዛት በተቸገረበት ወቅት አዲስ እንስራ የሚገዛ አይኖርም። ስፌትማ ከሁለቱም ወገን ይጎዳል፤ ስንደዶውና አክርማው ሣር በመሆኑ ክረምቱ ካልሠመረ አያድግም፥ በችግር ዘመንም መሶብ የሚሸምት የመንደር ሰው አይገኝም።

በሦስተኛው ረድፍ ያሉት ገዢያቸው ከድርቁ ክልል ውጭ የሚኖር ሥራዎች ናቸው። ደመወዝተኛ፥ ነጋዴና መንገደኛ የሚበዛበት ከተማ ደንበኛቸው ነው። ለምሳሌ «ምርጥ» በመባል የሚታወቀው የእንጀራ መጋገሪያ ምድጃ ከሲሚንቶና ከአሸዋ መሰል ጥሬ ዕቃ በቅርጽ ማውጫ ይሠራል፤ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸርም ማገዶውን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ማገዶ በገንዘብ ለምትገዛ የከተማ ሴት ይህ በየሳምንቱ የሚታይ ቁጠባ ስለሆነ ገበያው በአንድ ዓመት ድርቅ አይዘጋም። ለሸማኔ የሚቀርብ ጥሩ ፈትል፥ ለከተማ ምግብ ቤት የሚቀርብ በርበሬና ሽሮም በደንቡ ከተያዙ ከዚሁ ረድፍ ሊገቡ ይችላሉ።

ከዚህ የሚገኘው መመሪያ ግልጽ ነው። የመጀመሪያው ረድፍ ይተው ማለት አይደለም፤ የገጠሯ ሴት የምታውቀውና በእጇ ያለው እርሱ ነው። ይሁን እንጂ እያንዳንዷ ሴት አንድ እግሯን በመጀመሪያው ረድፍ፥ ሌላውን በሦስተኛው ረድፍ እንድታሳርፍ መርዳት ይገባል። ፍየል የምታረባውም ሴት የዝናቡ መቅረት ምልክት እንደ ታየ፥ ዋጋው ሳይወድቅና እንስሳዋ ሳይከሳ ከፊሉን መሸጥ እንዳለባት የሥልጠናው ክፍል ሆኖ ልትማር ያስፈልጋታል።

በሠፈራ ቦታ ያለው ልዩ ችግር

በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. 600 ሺህ ያህል ሰዎች ከወሎ፥ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ተነሥተው በወለጋ፥ በኢሉባቦር፥ በከፋና በጎጃም፥ እንዲሁም በጋምቤላ እንዲሠፍሩ ተደርገዋል። ብዙዎቹ በግዳጅ የተወሰዱ ነበሩ፤ ቤተሰብም ተለያይቷል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው ሁለተኛው ሰፊ የሠፈራ ፕሮግራም ደግሞ 440 ሺህ አባወራዎችን፥ ማለትም 2.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን በየክልላቸው ውስጥ ለማሥፈር የታቀደ ነበር።

ከደጋና ከወይና ደጋ ተነሥታ ወደ ቆላ የወረደች ሴት መሬት ብታገኝም ሙያዋን ግማሽ በግማሽ ታጣለች። የምታውቀው ሣር፥ የምታውቀው የሸክላ አፈር፥ ደንበኞቿና የገበያው ቀን ሁሉ ከኋላዋ ቀርተዋል። በጣና በለስ ሸለቆ እንደ ፓዊ ባሉት ቦታዎች ገንዲ የተባለውን የከብት በሽታ የምታስተላልፈው ዝንብ ስላለች፥ በደጋ የተለመደው የከብት እርባታ እዚያ ሲደርስ ሌላ ነገር ይሆናል። ጤፍ ለምዳ በቆሎ የምትጋግር እናት ስለ ወፍጮው፥ ስለ እርሾው፥ ስለ ማገዶው ሁሉ እንደ አዲስ መማር አለባት።

በመሆኑም በአንድ አውራጃ የተሳካ ሥልጠና በወረቀት ተገልብጦ ወደ ሌላው ሊላክ አይገባም። መጀመሪያ ሴቶቹ ራሳቸው ቢያንስ ሦስት የገበያ ቀን ወደ አቅራቢያው ገበያ ሄደው ያስተውሉ። ከሩቅ መጥቶ የሚሸጠው ምንድን ነው? ከእርሱ ውስጥ እዚሁ ሊሠራ የሚችለው የትኛው ነው? ሰው ፈልጎ ያጣው ምንድን ነው? የነባሩ ሕዝብ ሴቶችስ ምን ያመርታሉ፥ ከምን ጋር ሊለዋወጡ ይወዳሉ? ይህ ጥያቄ የገበያ ጥናት ብቻ አይደለም፤ በሠፋሪውና በነባሩ ሕዝብ መካከል የመተዋወቂያ በርም ይሆናል።

ስለ ሴቲቱ ጊዜና ጉልበት

ብዙ ጊዜ ሥልጠና የሚታቀደው ሴቲቱ ሥራ ፈት እንደ ሆነች ተቆጥሮ ነው። እርሷ ግን ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ ውኃ ትቀዳለች፥ እንጨት ትለቅማለች፥ ትፈጫለች፥ ትጋግራለች፥ ታርማለች፥ ልጅ ታዝላለች። ከዚህ ሁሉ በላይ የሚጨመር ሥራ ከየትኛው ሰዓት እንደሚቀነስ ያላሰበ ፕሮግራም የሚቀንሰው ከእንቅልፏ ወይም ከሴት ልጇ የትምህርት ሰዓት ነው።

ስለዚህ ከሥልጠናው በፊት የሴቲቱ ቀን ከማለዳ እስከ ምሽት በሰዓት ይቆጠር። የውኃ ጉድጓድ መቆፈሩ፥ የሞተር ወፍጮ መተከሉ፥ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ መግባቱ ራሱ የገቢ ማስገኛ ሥራ መጀመሪያ ሊሆን ይችላል፤ ሰዓት ያላገኘች ሴት ሙያ ብታገኝ አትሠራበትምና። ሥልጠናውም በመንደሯ አቅራቢያ፥ ከእርሻና ከአጨዳ ወቅት ውጭ፥ በቀን ለጥቂት ሰዓት ይሁን፤ የሚያጠቡ እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው የሚቀመጡበት ጥላ ይዘጋጅ። ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች በሴፍቲኔት ፕሮግራም ከጉልበት ሥራ ነፃ ሆነው እንዲደገፉ የተደረገውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ስለ ዶሮ እርባታ

ዶሮ እርባታ ሰፊ መሬትና ብዙ ገንዘብ ስለማይጠይቅ በየሥልጠናው ዘወትር የሚመረጥ ሥራ ነው። ምርጫው መጥፎ አይደለም፤ እንቁላሉንም ዶሮዋንም ሴቲቱ ራሷ ሸጣ ለጨውና ለጋዝ ማዋሏ በባህል የታወቀ መብቷ ነው። ነገር ግን ፈንግል የገባበት መንደር በጥቂት ቀናት ውስጥ ዶሮ አልባ ሆኖ ሊያድር ይችላል። ጫጩት ማደል ቀላል ነው፤ ክትባቱ በወቅቱ መድረሱን ማረጋገጥ ግን ትጋት ይጠይቃል።

በ2007 ዓ.ም. የታተመ፥ ኢትዮጵያን ጨምሮ በስድስት አገሮች ከ10 ሺህ በላይ ተሳታፊዎች የተካተቱበት ጥናት በዚህ ረገድ የሚጠቅም ምስክርነት ሰጥቷል። በዚያ ፕሮግራም እጅግ ድኃ ለሆኑ ቤተሰቦች ከብት ወይም ሌላ የገቢ ምንጭ፥ ሥልጠና፥ ለጥቂት ጊዜ የቀለብ ድጋፍ፥ የቁጠባ ዕድልና ቤት ድረስ የሚሄድ ክትትል በአንድነት ተሰጥቷል። ፕሮግራሙ ካበቃ ከአንድ ዓመት በኋላም በአብዛኞቹ አገሮች የቤተሰቦቹ ኑሮ ተሻሽሎ ተገኝቷል። በሆንዱራስ ግን ከተሰጡት ዶሮዎች ብዙዎቹ በበሽታ በማለቃቸው የቤተሰቦቹ ጥሪት ሳያድግ ቀርቷል። ስለዚህ ዶሮ ከመታደሉ በፊት በየመንደሩ ክትባት የምትሰጥ፥ ለአገልግሎቷም አነስተኛ ክፍያ የምትቀበል አንዲት ሴት ትሠልጥን። ይህ ራሱ አንድ የገቢ ምንጭ ነው።

ስለ ቁጠባ

ሥራ ለመጀመር ገንዘብ ያስፈልጋል። ገንዘቡ ሁሉ ከውጭ ከመጣ ግን ሴቶቹ የዕርዳታ ተቀባይ እንጂ የሥራ ባለቤት መሆናቸው አይሰማቸውም። በ1983 ዓ.ም. በኒጀር አገር በማራዲ አካባቢ ኬር የተባለው ድርጅት ከገጠር ሴቶች ጋር የጀመረው አሠራር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ሴቶቹ ከውጭ አንዳች መነሻ ገንዘብ ሳይቀበሉ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ያዋጣሉ፤ የተጠራቀመውን ለአባሎቻቸው ያበድራሉ፤ በዓመቱ መጨረሻ ገንዘቡን ከነትርፉ ይካፈሉታል። ይህ አሠራር በኋላ በብዙ የአፍሪካ አገሮች ተስፋፍቷል።

ለኢትዮጵያ ሴቶች ነገሩ ባዕድ አይደለም፤ ዕቁብና ዕድር ያሳደጉት ሕዝብ ነው። ልዩነቱ፥ በዕቁብ ገንዘቡ በዕጣ ለአንድ ሰው ሲደርስ በቁጠባ ቡድን ግን ሣጥን ውስጥ ሆኖ ለሥራ ይበደራል። ሦስት ቁልፍ ባለው ሣጥን ተቀምጦ ቁልፎቹን ሦስት የተለያዩ ሴቶች ቢይዙ፥ ሒሳቡም በጉባኤ ፊት ጮክ ተብሎ ቢነገር መተማመን ይጸናል። ወለድ በእምነታቸው ለማይፈቀድላቸው ሙስሊም እናቶች ደግሞ ብድሩ ያለ ወለድ፥ ወይም ትርፉን በመካፈል ሊሆን ይችላል።

በድርቅ አካባቢ ሁለት ደንብ ሊጨመር ይገባል። አንደኛው፥ የዓመቱ ክፍያ እህል በሚወደድበት በክረምቱ ወራት፥ ማለትም አዲሱ ምርት ሳይደርስ እንዲሆን ነው። ሁለተኛው፥ ከሳምንቱ መዋጮ ትንሽ ድርሻ ተለይቶ ለክፉ ቀን እንዲቀመጥ ነው። በችግር ጊዜ ከዚህ የሚበደር አባል የሥራ መሣሪያውንና እናት ፍየሉን ከመሸጥ ይድናል።

ስለ ሒሳብና ስለ ባለቤትነት

የገጠሯ ሴት ገበያ ወጥታ መሸጥና መግዛት ታውቃለች። የማትቆጥረው የገዛ ጉልበቷን ነው። ለማስተማሪያ ያህል፥ አንዲት ሴት በቀን 2 ሰዓት እየሠራች መሶቡን በ20 ቀን ጨረሰች፤ ለሣርና ለቀለም 80 ብር አወጣች፤ በ300 ብር ሸጠች እንበል። 220 ብር አተረፍኩ ትላለች። ለ40 ሰዓት ሲካፈል ግን በሰዓት 5 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። በዚያው ሰዓት ሌላ ሥራ ብትሠራ ምን ታገኝ ነበር? ይህን ማስላት የተማረች ሴት አሠልጣኙ በሌለበትም ሥራ መምረጥ ትችላለች። ፊደል ላልቆጠሩት ሰዓቱን በጠጠር፥ ብሩን በባቄላ መቁጠር ይበቃል።

ሌላው ጉዳይ ገንዘቡ ቤት ከገባ በኋላ የማን ነው የሚለው ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ የበላይ አድርጎት ነበር። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን የጋራ ሀብትን ባልና ሚስት በእኩልነት እንዲያስተዳድሩ ደንግጓል። በአማራ ክልል ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ በተሰጠው የመሬት ይዞታ ደብተር ላይም የሁለቱ ስምና ፎቶግራፍ በአንድነት እንዲሠፍር ተደርጓል። ሕጉ በዚህ ቢወጣም ልማድ ቶሎ አይለወጥም። ስለዚህ ሥልጠናው ሲጀመር ባሎችም ተጠርተው፥ የሽማግሌዎች ቃል ተጨምሮበት፥ ሴቲቱ ያገኘችውን ገንዘብ በምክር እንድታዝዝበት ስምምነት ይደረግ። ከባሏ ተደብቃ የምትቆጥብ ሴት ገንዘቧን እንጂ ሰላሟን አታገኝም። ባሏ የሞተባት ወይም በስደት የተለየች ሴት ደግሞ የምትማከርበት ቡድን ከሁሉ ይበልጥ ያስፈልጋታል።

ማጠቃለያ

ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ አንድ ነገር ያመለክታል። የአሥር ቀን ሥልጠና ሥራ አይተክልም። ከሥልጠናው በፊት የገበያና የሰዓት ጥናት፥ በሥልጠናው ጊዜ ሙያና ሒሳብ፥ ከሥልጠናው በኋላ ቢያንስ ሁለት ዓመት የሚዘልቅ ክትትል ያስፈልጋል። አሠልጣኙ በወር አንድ ጊዜ መንደሩን ሳይጎበኝ ሪፖርቱ ላይ የሠልጣኞችን ቁጥር ብቻ ቢጽፍ የጻፈው የሥራውን ውጤት ሳይሆን ያወጣውን ወጪ ነው።

በሪፖርቱ ላይ መጻፍ ያለበት ሌላ ነው። ዝናብ ባነሰበት ዓመት ከሠልጣኞቹ ስንቶቹ ሥራቸውን ቀጠሉ? ስንቶቹ መሣሪያቸውን ወይም እናት ፍየላቸውን ሳይሸጡ ክረምቱን ተሻገሩ? ስንቶቹስ ልጆቻቸውን ከትምህርት ቤት ሳያስቀሩ ከረሙ? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ያለው ፕሮግራም ጥቂት ሴቶችን ቢያሠለጥንም ብዙ ሠርቷል። መልስ የሌለው ግን ሺዎችን ቢያሠለጥንም፥ በሚመጣው ድርቅ እነዚያኑ ሴቶች በእህል ማደያው ሰልፍ ላይ መልሶ ያገኛቸዋል።